የትነበርሽ አፏን የዘጋችበት ፍልሰታ

አዘዞ ውስጥ ወሬ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነበር፤ አንዱ ስልክ ነው፣ ሌላው የትነበርሽ። ኔትወርክ ሲጠፋ የሰፈሩ ሰው ብዙም አይደናገጥም ነበር።

የትነበርሽ በወጣትነቷ የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ የጎንደርን ሰው ከአዲስ አበባ፣ የደባርቅን ሰው ከባሕር ዳር ስታገናኝ ኖራለች። ማዞሪያው ከተነሣ ብዙ ዘመን ሆነው፤ እሷም ጡረታ ወጣች፤ ሥራውን ግን አልተወችም። ክፋት የላትም። ሰው ሲታመም ጠያቂ የሚጎርፈው፣ ሐዘን ሲኖር ድንኳን ቶሎ የሚተከለው በእሷ ነው። ችግሯ የሚነገረውን ሳሎን፣ የማይነገረውን ጓዳ የምታስቀምጥበት ግድግዳ ውስጧ አለመሠራቱ ነው። ሁሉም ሳሎን ነበር።

በሰኔ ወር ልጇ ኤሌኒ፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው አንድያዋ፣ እራት እየበሉ «እማ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ ለማንም እንዳትናገሪ» አለቻት። ሙሉቀን የሚባል የጠዳ ልጅ፣ የሥራ ባልደረባዋ፣ ሽማግሌ ሊልክ አስቧል። ለገዛ እናቱ እንኳ ገና አልነገራትም። እሑድ ጠዳ ሄዶ፣ ጉልበቷን ስሞ ሊነግራት ነው።

የትነበርሽ ለማንም አልተናገረችም። ለአልማዝ ብቻ ነገረቻት። አልማዝ የግድግዳ ተጋሪ ጎረቤቷ ናት፤ ግድግዳ የሚጋራ ሰው ደግሞ «ማንም» አይባልም። አልማዝም ለማንም አልተናገረችም፤ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ ለተቀመጠችው ለእህቷ ልጅ ብቻ ሹክ አለቻት። ሚኒባሱ ወደ ጠዳ የሚሄድ ነበር። በማግስቱ የሙሉቀን እናት ወይዘሮ እቴነሽ ገበያ ወጥታ ሽንኩርት ስትመርጥ፣ ሻጯ ቀና ብላ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ልጅሽ የአዘዞ ልጅ ሊያገባ ነው አሉ» አለቻት።

እሑድ ሙሉቀን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል እናቱ እግሯን ሰበሰበች። «ሽንኩርት ሻጭ የጨረሰችውን ነገር ለእኔ ምን ብለህ ትጀምርልኛለህ?» አለችው። ነገሩ እዚያው ቀዘቀዘ።

ኤሌኒ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። «ከእንግዲህ ምንም አልነግርሽም» አለች፤ ቃሏንም ጠበቀች። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ የሚነጋገሩት «ደህና ነኝ»፣ «በልቻለሁ» እና «ዝናብ ነው» ብቻ ሆነ። ከዚያ ቤት መጀመሪያ አርምሞ የያዘችው ኤሌኒ ናት ማለት ይቻላል።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። በምን እንደሚታሽ ግን ተረቱ አይናገርም። የትነበርሽ ይህንኑ ልትጠይቅ ወደ ንስሐ አባቷ፣ ወደ አባ ገብረ ኪዳን ሄደች።

አባ ገብረ ኪዳን ፊታቸው ሳይስቅ ዐይናቸው የሚስቅ ሽማግሌ ናቸው። ከጥዋት እስከ ቀትር የነገረቻቸውን ሰሙ። ትንፋሽ ስትወስድ ጊዜ አገኙና በክርስትና ስሟ ጠሯት።

«ወለተሩፋኤል፣ ስገጂ እንዳልልሽ ጉልበትሽ በሽተኛ ነው። ጾሙን አክርሪ እንዳልልሽ ስኳር አለብሽ። ከሰውነትሽ ደህና ሆኖ ያገኘሁት ምላስሽን ነው። እሱን እናስጹመው።»

«እንዴት አድርገን አባቴ?»

«የፍልሰታን ሁለተኛ ሳምንት ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ በአርምሞ ሱባኤ ያዢ። ከሰው ጋር አንዲት ቃል የለም።»

«ሰላምታስ?»

«ራስሽን ዝቅ አድርጊ።»

«እሳት ቢነሣስ?»

«ሌላ ሰው ይጮኻል። ጎንደር የሚጮኽ ሰው አላጣችም።»

ከዚያ ዝም የሚባልበትን መንገድ አስተማሯት። «አፍ መዝጋት በር መዝጋት ነው» አሏት፤ «ቤት ውስጥ ያለውን ጫጫታ አያስቆመውም። ተቀመጪና ቀስ እያልሽ በልብሽ ‹እግዚኦ ተሠሃለኒ› በይ። ሐሳብሽ ይወጣብሻል። አትናደጂበት። ሐሳብ እንደ ዶሮ ነው፤ ብታሯሩጪው ይርቃል። አንቺ በሩ ላይ ቁጭ ብለሽ ጸሎትሽን ያዢ፤ ራሱ ይገባል።»

እሺ ብላ ተነሣች። ያንኑ ዕለትም ነገሩን ሁሉ ለአልማዝ ነገረቻት፤ ሱባኤው ገና አልጀመረምና።

መሄጃዋ ሲደርስ ነጩን ነጠላዋን ከኤሌኒ አዲስ ቢጫ ሻሽ ጋር ዘፍዝፋው ተገኘች። ነጠላው እንደ አደይ አበባ ሆኖ ወጣ። በነሐሴ ዝናብ ሌላ አጥቦ ማድረቅ የማይታሰብ ነው። ቁስቋም ደግሞ ከፍታ ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ስለዚህ የኤሌኒን ጥቁር የሹራብ ኮፍያ እስከ ቅንድቧ አጠለቀችና ቢጫውን ነጠላ ከላይ ተከናነበች። እንዲህ የለበሰች ሴት ምን እንደምትመስል መስተዋት ፊት ቆማ አላየችም።

ኤሌኒ እስከ ፒያሳ ሸኘቻት። ባጃጁ ሲመጣ በሶና ቆሎ የያዘውን ቦርሳ አቀበለቻትና «እማ፣ እውነት ትችይዋለሽ?» አለቻት።

ከሰኔ ወዲህ ኤሌኒ የጠየቀቻት የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። የትነበርሽ መልሱን በዝርዝር ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችው። ራሷን ዝቅ አደረገች። ሱባኤው እዚያው መንገድ ዳር ተጀመረ።

ቁስቋም ግቢ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ቦታ ያዘች። ዕቃዋን ላስቲክ አለበሰችውና ነፋስ እንዳይወስደው የራስ ቅል የሚያህል ድንጋይ ጫነችበት። ከዚያ ጀርባዋን ለግንዱ ሰጥታ ተቀመጠችና ዐይኗን ጨፈነች።

እግዚኦ ተሠሃለኒ።

ራሷ ውስጥ የአዘዞ መናኸሪያ ነበር። ረዳቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ይጣራሉ። እግዚኦ ተሠሃለኒ። የአልማዝ ልጅ ፈተናውን አለፈ ይሆን? እግዚኦ ተሠሃለኒ። ያቺ ባለ ጃንጥላ ሴት የለበሰችው ቀሚስ ባለፈው ሠርግ ላይ እህቷ የለበሰችው ነው፤ ተውሳ ነው ወይስ ታርቀዋል? እግዚኦ። ተኳርፈው እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው እዚህ የለም፤ አለማወቃቸው ያሳዝናል። ዶሮዋ ወጥታ፣ የጎረቤት አጥር ዘልላ፣ ፒያሳ ደርሳ ነበር።

አላሯሯጠቻትም። በሩ ላይ ቁጭ አለች። መንጋጋዋ እንደ ጅማት ሥጋ አኝኮ እንደ ዋለ ሰው ደከማት፤ አለመናገር እንዲህ እንደሚያደክም ማንም ነግሯት አያውቅም። ኪዳን ደረሰ፣ ቅዳሴ ተቀደሰ፣ ውዳሴ ማርያም ተተረጎመ፤ እሷ እየሰማች ወደ ጽዷ ተመለሰች። እንዲህ እያለች ስትውል፣ አንድ ከሰዓት ዝናቡ ድንገት አባራ። ከጽዱ ቅጠል ላይ ውኃ አጠገቡ ባለው መጠለያ ቆርቆሮ ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ጠብታ ወደቀ። ቀጣዩን ጠበቀች። በሁለቱ መካከል ምንም አልነበረም፤ ረዳት አልነበረም፣ ቀሚስ አልነበረም፣ የትነበርሽም ራሷ ብዙ አልነበረችም። እዚያ ውስጥ ጥቂት ቆየች። ሰፊ ነበር፤ ሰውም አልነበረበትም፤ ብቸኝነት ግን አልነበረበትም።

ይህንንማ ለአልማዝ ስነግራት፣ ብላ አሰበች፤ ዶሮዋም ብር ብላ ወጣች።

ዐይኗን ስትገልጥ አንዲት ወጣት ሴት እፊቷ ተንበርክካለች።

«እማሆይ፣ ይባርኩኝ።»

የትነበርሽ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ከግንዱ በቀር ማንም የለም። ቢጫ ነጠላዋን አየች፤ ጥቁር ኮፍያዋን በእጇ ዳሰሰች፤ ያኔ ገባት። አይደለሁም ለማለት ራሷን ነቀነቀች።

ወጣቷ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። «አየሽ፣ አይደለሁም አሉ። ዕውነተኛዪቱ መቼ ነኝ ትላለች?»

ኮፍያውን አውልቃ ልታሳያቸው ብድግ አደረገችው። «ኧረ ይተዉ እማሆይ፣ ይበርድዎታል» ብለው መልሰው አጠለቁላት።

ከዚያ በኋላ ሰው አልተቋረጠም። እማሆይ አይናገሩም፤ ስለዚህ አይቆጡም፤ ስለዚህም ሁሉ ይነገራቸዋል። አንዷ አማቷ የደበቀችባትን ነገረቻት። ሌላዋ ከባሏ ደብቃ ያደረገችውን ነገረቻት። ሦስተኛዋ፣ የትነበርሽ በመልክ የምታውቃት፣ በፒያሳ ሰው ሁሉ ጨዋ የምትባል ሴት፣ እንዲህ ያለ ነገር ነገረቻትና የትነበርሽ በአፏ የያዘችው ቆሎ ሳይታኘክ ወረደ። የአዘዞን ሰፈር ለሁለት ክረምት የሚቀልብ ወሬ ጭኗ ላይ ተከምሮ፣ እሷ ግን ከንፈሯን ነክሳ ተቀምጣለች። የተራበ ሰው ሠርግ ቤት በር ላይ ታስሮ እንደ መዋል ነበር።

አባ ገብረ ኪዳን ሊጠይቋት መጥተው ሰልፉን አዩ። የትነበርሽ በእጇ ኮፍያውን፣ ነጠላውን፣ ሰዉን እያመለከተች ተማጸነቻቸው። ዐይናቸው ሳቀ። ወደ ሕዝቡ ዞረው «እኅታችን አርምሞ ይዛለች፤ አታስቸግሯት» አሉ።

በማግስቱ ሰዉ እጥፍ ሆኖ መጣ።

አንድ ነገር ግን ማስተዋል ጀመረች። መልስ ስለማትሰጥ ሴቶቹ መልሱን ራሳቸው ያገኙታል። አንዲቱ ተናግራ፣ አልቅሳ፣ ራሷን መክራ፣ ከራሷ ጋር ተሟግታ፣ ተሸንፋ፣ «ምክርዎ ገብቶኛል እማሆይ» ብላ እጇን ስማ ሄደች። የትነበርሽ አሰበች። በዕድሜዋ የሰው ነገር እስከ መጨረሻው ሰምታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ግማሹ ላይ ስትደርስ ለማን እንደምትነግረው እያሰበች ነው። አሁን የምትነግረው ሰው ስለሌለ ጠቅላላውን ሰማች። ሰው እስከ መጨረሻው ሲሰማ መጨረሻው ላይ ሌላ ነገር አለው ለካ።

ሱባኤው ሊያልቅ ሲል አንዲት ጠና ያለች ሴት መጣች፤ ጫማዋ ላይ የመንገድ ጭቃ ደርቋል። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«እማሆይ፣ ከጠዳ ነኝ። እቴነሽ እባላለሁ። ሙሉቀን የሚባል አንድ ሸጋ ልጅ አለኝ።»

የትነበርሽ ኮፍያውን ወደ ቅንድቧ ሳበች።

«ሊያገባ እንዳሰበ የሰማሁት ከሽንኩርት ሻጭ ነው። እናት ናት አይባልም ወይ? ምነው እኔን ከገበያተኛው ሁሉ አስከተለኝ አልኩ። ኋላ ስሰማ ጥፋቱ ከእሱም አይደለም፣ ከልጅቱም አይደለም፤ ከእናቷ ነው። አፏ በር የለውም አሉ። እንዲህ ካለ ቤት ልጄን ልስደድ? ደግሞ ልጁ ከስቷል። ቂም ይዤ ደግሞ ጾሙን እንዴት ብዬ ልፍታ?»

ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ሌላ ነገር ነገረቻት፤ ለምን ይህ ነገር እንዲህ እንደ ጎዳት የሚያስረዳ፣ ለማንም ነግራው የማታውቀውን፣ የራሷን የወጣትነት ነገር። ከዚያ አለቀሰች።

የትነበርሽ ምላሷ ላይ ሦስት ቃል ተደርድሮ ነበር፤ «እኔ ነኝ፣ ይቅርታ»። ጥርሷ ደጅ ላይ ይገፋፋል። ብትናገር አርምሞዋ ይፈርሳል፤ ኤሌኒ ፒያሳ ላይ የጠየቀቻት ጥያቄም መልሱ «አልቻልኩም» ይሆናል። ባትናገር ደግሞ ይህቺ ሴት ሸክሟን ይዛ ልትሄድ ነው። ዐይኗ ላስቲኩን የያዘው ድንጋይ ላይ አረፈ።

በዚህ አገር በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተበዳይ ፊት ሲወድቅ ሌላ ትርጉም የለውም፤ በድያለሁ፣ ማሪኝ ማለት ነው። የትነበርሽ ድንጋዩን ብድግ አድርጋ ማጅራቷ ላይ ጫነችና፣ የታመመ ጉልበቷ እየጮኸ፣ እቴነሽ እግር ሥር ተደፋች።

እቴነሽ ደነገጠች። እማሆይ ማንን በደሉና ድንጋይ ይሸከማሉ? ቆይታ፣ ፊቷ ቀስ ብሎ ተለወጠ።

«ለእኔ ነው» አለች በሹክሹክታ። «እኔ ነኝ የምሸከመው ማለትዎ ነው። ኩራቴን ነው ያሳዩኝ። ልጆቹን ያስለቀስኩ እኔ ነኝ።»

የትነበርሽ ራሷን ነቀነቀች፤ ሁለት እጇን አወዛወዘች፤ ደረቷን መታች። እቴነሽ ደረቷን ስትመታ አይታ እሷም የራሷን ደረት መታች። ከዚያ ድንጋዩን ከማጅራቷ ተቀበለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማሆይ» ብላ ይዛው ሄደች።

ነፋስ መጣና ላስቲኩን ወሰደው። በሶው ራሰ።

ጾሙ ተፈትቶ የትነበርሽ ቤቷ ስትገባ አልማዝ ቀድማ ተቀምጣ ጠበቀቻት።

«እሺ ንገሪኝ። ምን ሰማሽ? ማን ማን ነበር?»

ኤሌኒ ወጥ ቤት ሆና ሰሃን ታጥብ ነበር። የውኃው ድምፅ ቆመ።

የትነበርሽ አሰበች። ጨዋዪቱን ሴት አሰበች፤ አማቷን ያማችውን አሰበች፤ እቴነሽን አሰበች። ሁሉም ከውስጧ ነበሩ፤ ያልነበረው ግድግዳ መቼ እንደ ተሠራ አላወቀችም።

«ዝናብ ነበር» አለች።

«ዝናቡንማ እዚህም አይተነዋል። ሌላስ?»

«ብርድም ነበር።»

አልማዝ ግንባሯን በእጇ ዳሰሰቻት። «አሞሻል እንዴ አንቺ?» ብላ ከፍቷት ወጣች። ወጥ ቤት ውስጥ ውኃው እንደገና መፍሰስ ጀመረ፤ ከቅድሙ ቀስ ብሎ።

ማታ ኤሌኒ እናቷ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች።

«ሙሉቀን ደውሎ ነበር። እናቱ ምን እንደ ነካት አይታወቅም፤ ሽማግሌ ይሂድ ብላለች። እሑድ ይመጣሉ። እማ፣ ለማንም…» ብላ ሳትጨርስ ተወችው።

«ለአልማዝም» አለች የትነበርሽ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። በልጅቱ ወገን አባ ገብረ ኪዳን ተቀመጡ። አልማዝ በመስኮት ስታያቸው የወሬ ምንጯ እንደ ደረቀባት ያን ጊዜ አረጋገጠች። ሽማግሌዎቹ ቆመው ቃላቸውን ሊጀምሩ ሲሉ ከኋላቸው አንዲት ሴት ገባች። የልጁ እናት ከሽማግሌ ጋር መምጣቷ ያልተለመደ ነው፤ ድንጋይ ተሸክማ መምጣቷ ደግሞ ጭራሽ አልታየም።

«ተዪ ብለናት ነበር» አለ አንደኛው ሽማግሌ እንደ ማፈር ብሎ።

እቴነሽ አንገቷን እንደ ደፋች መሬቱን እያየች ተናገረች። «የልጅቱን እናት ሳላውቃቸው አምቻቸዋለሁ። ልጆቹንም በኩራቴ አስከፍቻለሁ። ቁስቋም ላይ አንዲት እማሆይ ይህን ድንጋይ አሸክመውኛል» ብላ ቀና አለች።

እፊቷ የቆመችው ሴት ኮፍያ የላትም፤ ፀጉሯን ተሠርታለች፤ ነጠላዋ ነጭ ነው። ፊቱ ግን ያው ፊት ነው።

«እማሆይ?»

አባ ገብረ ኪዳን ጣራውን ያጠኑ ጀመር። ኤሌኒ እናቷን አየች። የትነበርሽ የልጇን ፊት አየች፤ ዝም ብትል ነገሩ ሁሉ ያምራል። ሽማግሌዎቹ ይጠይቃሉ፣ እሺ ይባላል፣ እቴነሽም ስለ አንድ መልክ መመሳሰል ስትደነቅ ትኖራለች። ብትናገር ግን ሁሉም ከእጇ ሊፈርስ ይችላል፤ ጠዳ ይህን ቢሰማ እቴነሽ የተቀለደባት ሴት ትባላለች። ዝም ማለትን ስንት ቀን ተምራ፣ አሁን ደግሞ ዝም የማይባልበት ቦታ ላይ ቆማለች።

«እማሆይ አይደለሁም» አለች። «ነጠላዬ ሻሽ ነክቶት ነው። አፏ በር የለውም ያሉዎት ሴት እኔ ነኝ። ድንጋዩን የተሸከምኩት ለራሴ ነበር፤ ይመልሱልኝ።»

እቴነሽ ድንጋዩን እንደ ያዘች ቆመች። የነገረቻት ሁሉ በፊቷ ሲያልፍ ይታያል፤ መጨረሻ ላይ ያቺ በሹክሹክታ የተነገረችው ደረሰች።

«ያን ሁሉ ነግሬዎት?»

«ነግረውኛል።»

እቴነሽ ወደ ኤሌኒ ዞረች። ኤሌኒ አንዴ እናቷን፣ አንዴ እንግዳዪቱን እያየች «እማ፣ ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለች። ልጅቱ ምንም እንደማታውቅ ለማስረዳት ከዚያ ፊት የበለጠ ምስክር አያስፈልግም ነበር።

እቴነሽ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የምታለቅስ መስሏቸው አንዱ ሽማግሌ ሊደግፋት ተነሣ። እየሳቀች ነበር።

«ደረትዎን ሲመቱ እኮ» አለች፤ «እኔ ደግሞ አብሬ እመታለሁ።»

የትነበርሽም ሳቀች። ከዚያ «ድንጋዩ የእኔ ነው»፣ «የለም የእኔ ነው» እየተባባሉ ሁለቱም ያዙት። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ነገር እስኪያነሡ ድረስ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ አባ ገብረ ኪዳን ድንጋዩን ተቀብለው፣ ነፋስ የሚያማታውን የሳሎን በር ደገፉበትና «እሺ፣ አሁን ጠይቁ» አሉ። ተጠየቀ፤ እሺም ተባለ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ኤሌኒ ለእናቷና ለራሷ ሻይ ቀዳችና እናቷ አጠገብ ጠጋ ብላ ተቀመጠች።

«እማ።»

«አቤት።»

«ምንድን ነው የነገረችሽ? ቁስቋም?»

የትነበርሽ ሻይዋን እፍ አለች።

«የሙሉቀን እናት እኮ ናት፤ ለእኔም ይገባኛል። ፍንጩን ብቻ።» ኤሌኒ እጅጌዋን ያዘቻት። «እማ፣ እሞትልሻለሁ፣ ለማንም አልናገርም።»

የትነበርሽ ልጇን አየቻት። ከሰኔ ወዲህ እንዲህ ተጠግታት አታውቅም። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ቆርቆሮው ላይ አንድ ጠብታ ወደቀ፣ ቆይቶ ሌላ።

«ዝናብ ነው» አለች።